ንፋሱ እንዴት ነው?

ፎዝያ የደወለችልኝ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ ነው የደወለችው።

«አባባ ወደ አኼራ ሄደ» አለችኝ። «ጧት ነው። ወንዶቹ ቀብረውት አሁን ተመለሱ።»

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ሙስሊም ሬሳ አያሳድርም፤ ብትነግረኝም ለቀብሩ እንደማልደርስ ታውቃለች። ምን ብዬ እንዳጽናናኋት አላስታውስም። እሷ ግን እኔን የምታጽናና ይመስል ትንሽ ሳቅ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «ሳምንቱን ሙሉ አንችን ሲያነሳ ነበር እኮ። ‹ደውይላትና ንፋሱ እንዴት ነው በያት› ይለኛል። አባባ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ምን ንፋስ አለ ስለው ፊቱን ያዞርብኛል።»

ስልኩን እንደያዝኩ ፊቴ ጋለ። አባቷ ጋሽ ኑሩ ስለ አየር ጠባይ አልነበረም የሚጠይቁት። የዚያች ጥያቄ ትርጉም የገባን በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እሳቸውና እኔ። አሁን ብቻዬን ቀረሁ። ሰው ሲሞት ምስጢር አብሮ ይቀበራል ይባላል፤ ውሸት ነው። የሟቹንም ድርሻ የምትሸከሚው አንቺ ነሽ።

ጋሽ ኑሩ የቴኒስ ተጫዋች ነበሩ። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ብትናገሩ «ሐይቁ ዳር ኳስ የሚያስተምሩት ሽማግሌ?» የሚላችሁ ይበዛል። እንደዚያ ብቻ አልነበሩም። አባታቸው ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ልጃቸውንም ከሜትርና ከመቀስ ጋር ሊያላምዱ ደክመዋል። ልጁ ግን ከሱቁ እየሸሸ፣ ፈረንጆች ይጫወቱባት ወደነበረችው ጣና ዳር ያለች ቀይ አፈር ሜዳ ይሄድና ኳስ ይለቅም ነበር። አንዱ ፈረንጅ ክሩ የተበጣጠሰ የእንጨት ራኬት ወርውሮ ሰጣቸው። እሳቸው በዓሣ መረብ ናይለን ወጠሩት። «የመጀመሪያዋ ራኬቴ» ይሉ ነበር ሲቀልዱ፣ «ኳስም ትመታለች፣ አምባዛም ትይዛለች።»

በዚያች ራኬት ጀምረው አዲስ አበባ ክለብ ገቡ፤ የአገሩን ተጫዋች ሁሉ አሸነፉ፤ ከዚያ ሻንጣቸውን ይዘው ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ሞምባሳ እየዞሩ በቴኒስ እንጀራ በሉ። ያን ጊዜ ከኛ አገር ኳስ መትቶ የሚኖር ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? ዘመዶቻቸው እንኳ ለጠያቂ «ኬንያ በንግድ ላይ ነው» ይሉ ነበር አሉ። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ተመለሱና ድሮ ኳስ ይለቅሙባት የነበረችውን ሜዳ ለማስተማሪያ ያዙ።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት መውረድ አይከብድም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ልጅነት አይደል፣ አፍ አይዝም።

«መውረድ ማን አለሽ?» አሉኝ። «ድሮ የራሴን ኳስ ብቻ ነበር የማሯሩጥ። ዛሬ ያንችን ጭምር እያሯሯጥሁ ነው። ይህ መውረድ ከሆነ፣ መውጣቱ ምን ሊሆን ነው?»

አጭር ነበሩ። ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ወረድ ያለ ነበር፤ ያንን ሁሉ ዓመት ሰርቭ፣ የጨዋታ መክፈቻዋን ኳስ፣ ሲመቱ ተዛብቶ የቀረ ነው። የማይረሱኝ ግን ጠባያቸውና ሕጎቻቸው ናቸው። በዚያች ሜዳ ላይ ሦስት ሕግ ነበር፤ ሦስቱንም ካልነገርኳችሁ የኔን ሥራ አትረዱልኝም።

መጀመሪያ ቃሏ። ኳስ ከመስመር ውጭ ስታርፍ «አውት» ይባላል። ውስጥ ስታርፍ፣ መስመሩን ጫፉን እንኳ ብትነካ፣ «ጉድ!» ይባላል። ጋሽ ኑሩ ከፈረንጆቹ ኳስ ሲለቅሙ አብረው የለቀሟት ቃል ናት፤ ደህና ናት፣ ገብታለች ለማለት። በኛ ጆሮ ግን ጉድ ያው ጉድ ነው፤ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ደንግጦ ይቆም ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። መጀመሪያ ሊያዩኝ የመጡ ቀን ከኔ ጋር ይጫወቱ የነበሩት ጋሽ ኑሩ «ጉድ!» ብለው ሲጮኹ መቋሚያቸውን ጨብጠው ተነሱ። «ምን ጉድ መጣ?» ነገሩ ሲገለጥላቸው ተመልሰው ተቀመጡና ጢማቸውን ያዝ አድርገው «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ሲባል እሰማ ነበር» አሉ። «እዚህስ በቀን ስንት መስከረም ይጠባል?» ጋሽ ኑሩ ይህችን ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያወሩ ኖረዋል።

ሁለተኛው ሕግ ምስክር ነው። ቀይ አፈር ላይ ኳስ ስታርፍ የእንቁላል ቅርጽ ያላት ምልክት ትተዋለች። ጋሽ ኑሩ ምልክቷን «ምስክሯ» ነበር የሚሏት። ጥርጣሬ ካለ ሁለቱም ተጫዋቾች መጥተው ምስክሯን ያያሉ፤ ጋሽ ኑሩ በጣታቸው ይከቧታል፤ ነገሩ ያልቃል። «ኳስ አትዋሽም፣ አፈርም አይዋሽም፤ በመሀል ያለነው እኛ ነን» ይሉ ነበር። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የከበደው ኃጢአት ምስክሯን መርገጥ ነው። አንድ ክረምት ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ሜዳውን አቋርጦ ሄዶ ነበር። ጧት ስንመጣ የእግሩ ጉድጓድ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፏል። እኛ ሜዳው ተበላሸ ብለን ስናዝን፣ ጋሽ ኑሩ አንዱን ኮቴ ጎንበስ ብለው መረመሩና መስመሩ ላይ መሆኑን አይተው «ጉድ!» ብለው ፈረዱ። «ልከራከር የሚል ካለ ሄዶ ሐይቁ ውስጥ ይጠይቀው።»

ሦስተኛው ግን የሳቸው ብቻ ነው፤ ሌላ የትም አላየሁትም። ሜዳ ውስጥ ማንንም አንተ፣ አንቺ አይሉም ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ይሁን፣ ቢሮ ያለው ሰው ይሁን፣ ያችን ነጭ መስመር ካለፈ በኋላ «እርስዎ» ነው። «እርስዎ፣ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ። እርስዎ፣ ኳሷን ይጠብቋት።» ስንወጣ ወዲያው ወደ አንቺ ይመለሳሉ። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው «እኛ ጋ ዳኛ የለም» አሉን። «በየሜዳችሁ ዳኞቹ እናንተ ናችሁ። በናንተ በኩል ያረፈችውን ኳስ የምትጠሩ እናንተ ብቻ ናችሁ፤ እኔ እንኳ ከውጭ ሆኜ አልጠራላችሁም። ዳኛ ደግሞ አንች ይባላል እንዴ?»

ይህ ነገር ነው አባቴን ያሸነፋቸው። ጋሽ ኑሩ ዓባይ ማዶ ቤታችን ድረስ መጥተው «የኔታ፣ ልጅዎን ልለምንዎት መጣሁ» ያሉ ቀን የአባቴ መልስ አጭር ነበር።

«ሴት ልጅ አደባባይ ዱላ ይዛ ትሩጥ?»

«ዱላውን ተዉት፣ የኔታ። እኔ የማስተምራት ምስክርነት ነው። ዳኛ የሌለበት ጨዋታ ነው። ያየ ይናገራል።»

«ዳኛ ከሌለማ ሐሰት ይበዛል።»

«ኧረ የለም። ሐሰት የሚበዛ ዳኛ ሲኖር ነው። ሰው ኃጢአቱን ለዳኛ ጥሎት ይሄዳል።»

አባቴ ወደኔ ዞረው «በሐሰት አትመስክር የሚለውን በቃልሽ ታውቂዋለሽ» አሉ። «እንግዲህ በእግርሽ ተማሪው።» በእግርሽ አሉ፤ ቃል በቃል። ከዚያ ወዲህ ይችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳመነዠክኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጋሽ ኑሩ ስለ ተጫዋችነት ዘመናቸው ብዙ አያወሩም ነበር፤ አንዷን ታሪክ ግን እንወዳት ስለነበር እናስደግማቸው ነበር። ናይሮቢ ላይ ሊያሸንፉ አንዲት ነጥብ ሲቀራቸው ተጋጣሚያቸው የመታት ኳስ በሳቸው በኩል መስመሩን ጫር አድርጋ አረፈች። ማንም አላየም። እሳቸው «ጉድ» ብለው ጠሩባት፤ በራሳቸው ላይ። ጨዋታው ተገለበጠ፤ ተሸነፉ፤ አሸንፈው ሊሄዱበት የነበረው የካይሮ ውድድርም በዚያው ቀረ። ጉልበታቸው የታመመው በዓመቱ ነው፤ ካይሮን ሳያዩ ቀሩ።

«አይቆጭዎትም ጋሼ?» እንላለን።

«ይቆጨኛል እንጂ! አሁን ሳወራችሁ እንኳ ሆዴ ይቃጠላል። ግን ቁጭትና ሐፍረት አንድ አይደሉም። ቁጭት ይመጣል፣ ይሄዳል። ሐፍረት ግን ማዕድ ላይ አብሮሽ ይቀመጣል፤ ከጎረስሽው ግማሹ የሱ ነው።»

ያን ጊዜ ሳቅን። እኔ በተለይ ሳቅኩ።

ፎዝያ የጋሽ ኑሩ ልጅ ናት። እኩያዬ ናት፤ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ሰፊ ሱሪ ለብሳ ስትሮጥ ንፋስ አይደርስባትም ነበር። አብረን ነው ያደግነው። በጾም ቀን ከቤቷ ሽሮ ተለይቶ ይሠራልኛል፤ በረመዳን እኔ ከሷ ፊት ውኃ አልጠጣም። በቴኒስ ከኔ ትበልጣለች። ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። በተለይ ወደ ጎን መስመሩ ቀጥታ የምትመታት ኳስ ነበረች፤ ጋሽ ኑሩ እንኳ ያችን ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ይህችን አላስተማርኋትም» ይላሉ፣ «ይዛት ነው የተወለደች።»

አሥራ ሰባት ዓመታችን ላይ ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዎች መጡ። ከአንድ ክለብ ናቸው። አንዲት ልጅ መርጠው ይወስዳሉ፤ ትምህርቷን ይከፍላሉ፤ ትሠለጥናለች፣ ትጫወታለች። ወሬው ከተሰማ ጀምሮ ወላጆች «ኑሩ ልጁን ትቶ የሰው ልጅ ሊልክ ነው?» እያሉ ሲያሙ ሰንብተዋል። ጋሽ ኑሩ ሰምተዋል። እኛም ሰምተናል። በመጨረሻ እኔና ፎዝያ ቀረን።

ሚያዝያ ነው። ሐሩር ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ የሚነሳው ንፋስ ያን ቀን አልተነሳም፤ ሐይቁ ተኝቷል፤ ከሜዳው አጠገብ ያለው ዋርካ ቅጠሉ አይንቀሳቀስም። ሰዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጋሽ ኑሩ ከመረቡ ትይዩ አግዳሚው ላይ ናቸው። በመጨረሻው ዙር ፎዝያ እየመራችኝ ልታሸንፈኝ አንዲት ነጥብ ቀራት። ያችን ኳሷን መታቻት፤ ቀጥታ፣ የጎን መስመሩን ይዛ።

ሮጥኩ፤ አልደረስኩባትም። ስታርፍ ግን አይቻታለሁ። ግማሿ መስመሩ ላይ ነው ያረፈችው። መስመሩ የተሠመረበት ኖራ ቡን ሲል አይቻለሁ። ይህን ያህል ዓመት አልፎ እንኳ ዓይኔን ስጨፍን ያ ነጭ ብናኝ ይታየኛል።

«አውት!» አልኩ።

ፎዝያ ራኬቷን ዝቅ አድርጋ «ምስክሯን ልይ?» አለችና ወደ መረቡ መምጣት ጀመረች። ሕጋችን ነው፤ ክፋት የለበትም። እስክትዞር ድረስ አሥር እርምጃ ያህል ጊዜ ነበረኝ። በአሥር እርምጃ ውስጥ ሰው ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። እኔ ላቤን የምጠርግ መስዬ ቀኝ እግሬን አንስቼ ምስክሯን ረገጥኳት፤ ረግጬም ጎተትኩት።

«የታለች?» አለች ፎዝያ ደርሳ።

«ንፋስ ወሰዳት።»

መሬቱን አየች፤ እኔን አየች። «እሺ» አለች። በቃ፤ እሺ ብቻ። ስለምታምነኝ ነው። ፈገግ ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ያች ነጥብ ከሄደችባት በኋላ ተደናገረች። ሁለተኛ ወደ መስመር አልመታችም፤ ሁሉንም ኳስ ወደ መሀል ትመልስልኝ ጀመር። አሸነፍኩ። ጨዋታው ሳያልቅ ጎን ስንቀያየር ጋሽ ኑሩ ውኃ ይዘውልኝ መጡ። ጣታቸውን በምላሳቸው አራሱና ወደ ላይ አነሱት። ዋርካውን አዩ። ከዚያ ማንም በማይሰማው ድምፅ፦

«ንፋስ ነው አልሽ?»

አልሽ። ከነጩ መስመር አልወጣሁም፤ ሜዳ ውስጥ ነኝ፤ ራኬት ይዣለሁ። አልሽ አሉኝ። ከዳኝነቴ ሻሩኝ። ሌላ ማንም ልብ አላለውም፤ እኔ ግን የገዛ አባቴ በመቋሚያ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ለምን እንዳልተናገሩ አውቃለሁ። «ምስክሯ ተረግጣለች» ቢሉ፣ ኑሩ ለልጁ አዳላ ይባላሉ፤ ሲታማ የሰነበተው ሐሜት እውነት ሆኖ ይቀራል። እግሬን ሳነሳ ይህን አውቅ ነበር። ያን ጊዜ አስቤው ሳይሆን ድሮ አውቄው የተቀመጠ ነገር ነበር፤ እግሬ በሱ ተማምኖ ነው የተነሳው። ስለ ሌላው ሁሉ ልጅነት ነው እል ይሆናል። ስለዚህኛው ግን የምለው የለኝም።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ብዙም አልገፋሁም፤ ጥቂት ዓመት ተጫውቼ፣ ተሸንፌ፣ እኔም ልጆች ማሠልጠን ጀመርኩ። ለልጆቹ «ምስክሯን አትርገጡ» እላቸዋለሁ። ወላጆቻቸው ደስ ይላቸዋል። ፎዝያ ባሕር ዳር ቀረች፤ ከአባቷ ጎን ቆማ ታሠለጥናለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ወደ መስመር መትታ አታውቅም። ለእረፍት ስመጣ ስንጫወት አያለሁ፤ መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቶላት እንኳ ኳሷን ወደ መሀል ትመልሳለች።

ጋሽ ኑሩም በመጣሁ ቁጥር፣ ከሰላምታው ሁሉ በፊት፣ ሰው ፊት ይሁን ብቻችንን፣ «የየኔታ ልጅ፣ ንፋሱ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ሰዎች የሐይቁን ንፋስ የሚጠይቁኝ ይመስላቸዋል። «ደህና ነው ጋሼ» እላለሁ። ክፋት አልነበረበትም። በር የሚያንኳኳ ሰው አነጋገር ነበረው፤ እኔ ነኝ የማልከፍት።

ካቻምና ታመው ልጠይቃቸው መጣሁ። ሜዳው አጠገብ፣ ያ አግዳሚ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው ነበር። ፎዝያን «ሻይ አምጭልኝ» ብለው ላኳት። ሻይ እንዳላማራቸው ገብቶኛል።

«ንፋሱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ።»

«እስካሁን አልቆመም?»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። «ለምን ያን ቀን አልተናገሩም?» አልኳቸው፤ ጥፋቴን ለሳቸው ላካፍል።

እሳቸው ግን ድርሻቸውን ሳልሰጣቸው ቀድመው ወስደውት ኖሯል። «ልጄ ነቻ» አሉ። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ናይሮቢ ላይ በራሴ መጥራት አላቃተኝም፤ ለልጄ መናገር ግን አቃተኝ። ለስሜ ብዬ ኳሷን ረገጥሁባት። አንች በእግርሽ፣ እኔ ባፌ። ንፋሱ የሁለታችን ነው።»

«ታዲያ አሁን ይንገሯት።»

«ኳሷ ያረፈች በማን ሜዳ ነው?»

«በኔ።»

«እንግዲያማ ጠሪዋ አንች ነሽ። እኔ ከውጭ የጠራሁት ኳስ የለም፤ ለመሞት ስል አልጀምርም። ንገሪያት፤ ያች ልጅ ያንን ኳስ አጠፋሁ ብላ ነው የምትኖር። ስትነግሪያት እኔም ይቅር በይኝ እላታለሁ። ቅደሚኝ ብቻ።»

«ነገ እነግራታለሁ» አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። እጃቸውን ራኬት ያወጣበት መጅ አሁንም አልለቀቀውም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መራዊ ስደርስ «ሥራ ጠሩኝ፣ ሳልሰናበትሽ» ብዬ ለፎዝያ መልእክት ላኩ። ያን ቀን ጋሽ ኑሩ አግዳሚው ላይ ሆነው ሲጠብቁ መዋላቸውን አላውቅም፤ ግን ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። እኔም ሁለቱንም ዓመት ባሕር ዳር አልሄድኩም።

ለቅሶ የደረስኩት ጳጉሜ ላይ ነው። ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤታቸው ደጅ ድንኳን ተጥሏል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀምጧል። ድሮ ያሠለጠኗቸው ሰዎች ተራ በተራ ያወራሉ፤ ስለ ጉማሬው፣ ስለ አባቴ መስከረም፣ እርስዎ እየተባሉ ስለተቆጡት ቁጣ። ሰው እየሳቀ ያለቅሳል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «ፎዝያ፣ አንችስ?» አሏት።

እኔ ከጎኗ ነኝ፤ እጄን ይዛለች።

«እኔማ የማልረሳው» አለች፣ «ይችን ጓደኛዬን የገጠምሁ ቀን ነው። ላሸንፍ አንድ ኳስ ቀርቶኝ ተስገብግቤ ወደ መስመር መታሁና ወጣችብኝ። ልጁ ነኝ፤ ባሸንፍ አዲስ አበባ መሄዴ ነበር። አባባ ቁጭ ብሎ እያየ አንዲት ቃል አልተናገረም። ከውጭ ባይጠራም፣ ገብታ ቢሆን ዝም አይልም ነበር። ለልጁም አላዳላ።»

«ሐቀኛ ሰው!» አሉ ሽማግሌው። «አላህ ይርሐመው፤ ሐቀኛ!» ድንኳኑ ሁሉ ተቀበላቸው።

በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት አፍሬ አላውቅም። ሰውየው ሲያሳፍራቸው በኖረው በዚያ አንድ ነገር ሲመሰገኑ ሰማሁ፤ እሷም እጄን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ነበር። እዚያው ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። «አሜን» ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ ማለዳ ፎዝያ ሜዳውን ልትከፍት ስትሄድ ተከተልኳት። ሌሊቱን ዘንቦ አባርቷል፤ አፈሩ ለስልሷል። ከበሩ ላይ ዘበኛው አያ ሞላ ካፖርቱን ደርቦ ተቀምጧል። እሷ ሜዳውን የምታስተካክልበትን ጆንያ መጎተት ጀመረች። እኔ ነጩ መስመር ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ።

«ፎዝያ። ያች ኳስ።»

«የቷ?»

«ትናንት ለለቅሶተኛው የነገርሻት።»

ጆንያውን ይዛ ቆመች። እኔ ወደ ቦታው ሄጄ ተንበረከክኩ። ቦታው ጠፍቶኝ አያውቅም። በአውራ ጣቴ አፈሩን ተጭኜ፣ ግማሹ መስመሩ ላይ፣ ግማሹ ውጭ፣ የእንቁላል ቅርጽ አወጣሁ።

«እዚህ ነው ያረፈች። ኖራው ቡን ሲል አይቻለሁ። ንፋስ አልነበረም፤ በእግሬ ነው ያጠፋኋት። ጋሽ ኑሩ አይተውኛል። እንድነግርሽ ሲጠብቁኝ ነበር፤ እስከ መጨረሻው።»

መጥታ ቁጢጥ አለች። ምልክቷን ብዙ ጊዜ አየቻት። ከዚያ ልክ እንደ አባቷ በጣቷ ዙሪያዋን ከበበቻት።

«ሃያ ዓመት» አለች። ለኔ አልነበረም የምትናገረው። «ሃያ ዓመት መስመር ፈርቼ።» ቀና አለች። «ንፋሱ…» ብላ ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። «እኔ ነኝ እኮ መልእክቱን ያደረስሁልሽ! በገዛ አፌ! እየሳቅሁ!»

ተነስታ መረቡን ዞራ ሄደች፤ ያን ቀን የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች። ራኬት አልያዘችም። በአባቷ ድምፅ፣ ጥርት አድርጋ፦

«ይጥሩ» አለችኝ።

ይጥሩ። ሜዳ ውስጥ እርስዎ ተብዬ የማላውቅበት ዘመን ረጅም ነበር። ዳኝነቴን መመለሷ ይሁን፣ ጓደኝነቱን መቁረጧ ይሁን አልገባኝም። አብሮ አደግ እርስዎ መባባል ሲጀምር ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል።

«ጉድ» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«ጉድ!» ብዬ ጮኽኩ። ዋርካው ላይ የነበሩ ወፎች ተነሱ። አያ ሞላ ዱላውን ይዞ ከበሩ እየሮጠ መጣ።

«ምንድን ነው? ምን ጉድ መጣ?»

ፎዝያ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «የቆየ ጉድ ነው፣ አያ ሞላ» አለችው። «መስከረም ሊጠባ ነዋ።»

ጆንያውን አንስታ በአጠገቤ አለፈች። ምስክሯን ዞራት ሄደች እንጂ አልረገጠቻትም። እኔን ግን አላየችኝም።